ካራ፣ ጊሌና ሳንጃ፦ ባህላዊ ቢላዋ ስለመሰብሰብ ከወሎ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቢላዋ እንደምሰበስብ የሰማ ሰው መጀመሪያ ትንሽ ይደነግጣል፤ ከዚያ ጥያቄውን ያዥጎደጉደዋል። ጥያቄዎቹ ደሴም ኮምቦልቻም ያው ናቸው። በየቡናው ከምደጋግማቸው እዚህ ላስፍራቸው ብያለሁ።

የትኛውን ዓይነት ቢላዋ ነው የምትሰበስቡት?

የማይታጠፈውን። ሰንጢ የራሱ ወዳጆች አሉት፤ እዚህ አንገባበትም። ጎራዴና ሾተል ደግሞ የጦር መሣሪያ ናቸው። የኔ ጉዳይ ሥራ የሚሠራ ስለት ነው፤ እንጨት የሚጠርብ፣ ጠፍር የሚቆርጥ፣ በግ የሚያርድና የሚገፍ።

ወሎ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚገኘው ካራ ነው። በየቤቱ አለ፤ ለእርድም፣ ለሥጋም፣ ለደጅ ሥራም ይውላል። ቀጥሎ ከቆላው የሚመጣው የአፋር ጊሌ አለ። ሦስተኛው ከአሮጌ ጠመንጃ ሳንጃ ተቆርጦ እጀታ የተገባለት ቢላዋ ነው። ይህኛው ብዙ ጊዜ አያት ቤት፣ ሣጥን ሥር ነው የሚገኘው።

ቡሽክራፍት የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ከኛ ካራ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ቡሽክራፍት ማለት በአጭሩ በጥቂት ዕቃ ጫካ ውስጥ መኖር መቻል ነው። እሳት ማያያዝ፣ መጠለያ መሥራት፣ ማንኪያ መጥረብ። የወረኢሉ እረኛ ይህን ሲሰማ “ታዲያ ይሄ ምኑ ትምህርት ሆነ?” ቢል አይፈረድበትም።

በዓለም ላይ ስማቸው የገነነው የዚህ ሥራ ቢላዋዎች ግን ከእረኛ ቢላዋ የራቁ አይደሉም። የስዊድኗ ሞራ ከተማ ቢላዋ የእንጨት ሠራተኛና የገበሬ ዕቃ ነበር። ዛሬ ሞራክኒቭ የሚባለው ድርጅት አንዱ ሥሩ በ1891 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የፍሮስት ፋብሪካ ነው። የስለቱ ርዝመት ብዙውን ጊዜ 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ውፍረቱም 3 ሚሊ ሜትር ቢደርስ ነው። ጌጥ የለውም። የፊንላንዱ ፑኮም እንደዚያው አጭርና ቀጥ ያለ ነው። በሰሜን ጫፍ ያሉት የሳሚ ሕዝቦች ደግሞ ሌኡኩ የሚባል ረዘም ያለ ቢላዋ አላቸው፤ ቅርንጫፍ ለመመልመልም አጥንት ለመስበርም ይሆናል። ወደ ፊት የታጠፈውን የኔፓል ኩክሪ የማያውቅ የለም።

ከኛ ካራ ጋር የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነው። መልካቸውን ያወጣው ሥራው ነው። ልዩነቱ እነሱ ቢላዋቸውን በስምና በዓመተ ምሕረት መዝግበውታል። የኛ ሰው ግን “የእገሌ ሥራ ነው” ብሎ ያልፈዋል፤ እገሌ ሲሞት ነገሩም አብሮ ይቀበራል። እኔን ወደ መሰብሰቡ የገፋኝም ይኸው ነው።

ወሎ ውስጥ ከየት ልግዛ?

ባቲ፣ ሰኞ። ከኮምቦልቻ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ቁልቁል ነው። አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ የሚገናኝበት ትልቅ ገበያ ስለሆነ የደጋውም የቆላውም ቢላዋ አንድ ቦታ ይገኛል። በጠዋት ድረሱ። ፀሐይዋ ከጠነከረች በኋላ ሻጩም ገዥውም ይሰለቻል፤ ግመሉም ወደ መመለሱ ያስባል። ላሊበላ የቅዳሜ ገበያ አላት፤ እዚያ ግን ለቱሪስት የተሠራው ይበዛል።

ከገበያው ይልቅ ግን ቀጥቃጩ ቤት ድረስ መሄድ ይሻላል። ገበያ ላይ የምታገኙት ቢላዋውን ነው፤ ቀጥቃጩ ቤት ግን ብረቱ ከየት እንደመጣ፣ እንጨቱ ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደተሠራ ትሰማላችሁ።

ብረቱ ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ይህ ዋናው ጥያቄ ነው፤ ረዘም ብዬ ልመልስ።

መጀመሪያ “ከምንድን ነው የተሠራው?” ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩው መልስ “ከባሌስትራ” የሚለው ነው፤ ባሌስትራ የመኪናን ጭነት ከሥር የሚሸከመው ስፕሪንግ ብረት ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ከባድ መኪና ባለበት የተሰበረ ባሌስትራ አይጠፋም፤ የተሰበረውም ወደ ቀጥቃጭ ነው የሚሄደው። የባሌስትራ ብረት ግማሽ በመቶ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ካርቦን አለው። ለቢላዋ የሚበቃ ነው፤ ሲግል ቶሎ ከቀዘቀዘ ይጠነክራል፤ ሲመታም ቶሎ አይሰበርም። ያረጀ ሞረድ ደግሞ ካርቦኑ ወደ 1 በመቶ ይጠጋል፣ አንዳንዴም ያልፈዋል። ስለት ይይዛል፤ ግን በአግባቡ ካልበሰለ እንደ ብርጭቆ ነው የሚሰበረው።

መጥፎው መልስ “ከፌሮ” ነው። የግንባታ ፌሮ ካርቦኑ ዝቅተኛ ነው፤ ብታግሉትም ብትነክሩትም እምብዛም አይጠነክርም። በአዲስነቱ ይቆርጣል፤ ሁለት በግ ገፍፎ ይዶለዱማል። ላሜራም እንዲሁ ነው።

ሻጭ ሁሉ ግን “ባሌስትራ ነው፣ ወላሂ” ይላል። ስለዚህ በዓይንም እዩ። ቢላዋውን ወደ ብርሃን አዙሩና ስለቱን ከእጀታው ጀምሮ እስከ ጫፉ በአንድ ዓይን ተመልከቱ። ቀጥ ያለ መስመር መሆን አለበት። ከዚያ ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ መብራት ሥር ያዙት። በደንብ የተሳለ ጠርዝ አይታይም፤ ዓይናችሁ ምንም አያገኝም። ነጭ ክር ከታያችሁ ያ ክፍል ደንዝዟል ወይም ታጥፏል። ነጭ ነጥብ ከሆነ ተሸርፏል።

ቀጥሎ ቀለሙን ፈልጉ። በግራይንደር የተሳለ ቢላዋ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ጥላ ካለው ብረቱ እዚያ ጋ ተቃጥሏል ማለት ነው። ጥንካሬው ወጥቷል። በተለይ ጫፉን እዩ፤ ቀጭን ስለሆነ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው። ሠሪው ብልጥ ከሆነ ደግሞ ሰማያዊውን በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ ያጠፋዋል፤ ያኔ በዓይን አይታወቅም። ፈቃድ ጠይቁና ትንሽ ሞረድ በእጀታው አጠገብ ባለው የስለቱ ክፍል ላይ ቀስ ብላችሁ አሂዱ። ከተንሸራተተ ጠንክሯል። እንደ ሳሙና ከነከሰ አልጠነከረም። ሻጩ “አይሆንም” ካለ መብቱ ነው፤ የናንተም መብት ትቶ መሄድ ነው።

በጥፍር እየመቱ ድምፁን የሚያዳምጡ ሰዎች አሉ። አሪፍ ይመስላል፤ ብዙ አያስተማምንም።

የእጀታው እንጨት ለውጥ አለው?

አለው። ወይራ የመሰለ የለም። ከባድ ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሲያረጅ ያምራል። ክትክታ ለመሣሪያ እጀታ ከጥንት ጀምሮ የተመሰገነ ነው። ዋንዛ ለመጥረብ ይመቻል፤ ቀላል በመሆኑ ግን ለቢላዋ አልመርጠውም። የበሬ ቀንድ ቆንጆ ነው፤ ደረቅ ቦታ ሲቆይ ይሰነጠቃል።

ከእንጨቱ በላይ ግን መገጣጠሚያውን እዩ። የብረቱ ጭራ እስከ እጀታው መጨረሻ ይደርሳል ወይስ መሃል ላይ ያልቃል? በምስማር ተመትቷል ወይስ በማጣበቂያ ብቻ ተይዟል? ጭራው ቀጭን ሆኖ በጋለበት ወደ እንጨት የተሰካ ቢላዋ መጥፎ አይደለም፤ ፑኮም በቀጭን ጭራ ነው የሚሠራው። ግን እንጨት ለመፍለጥ ከፈለጋችሁት ጭራው በሙሉ ስፋቱ እስከ ታች የደረሰውን ምረጡ። ይዛችሁ ነቅንቁት። “ቅጭ” የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አስቀምጡት።

ጊሌ መግዛት እፈልጋለሁ። ምን ልወቅ?

ጊሌ ጌጥ ብቻ አይደለም። የአፋር ወንድ ወገቡ ላይ የሚታጠቀው፣ ማንነቱን የሚያሳይበት መሣሪያው ነው። ስለዚህ የታጠቀን ሰው አስቁሞ “ስንት ትሸጠዋለህ?” ማለት ነውር ነው። አትንኩት፣ ከአፎቱም አታስመዝዙት። ለሽያጭ የቀረበውን ግዙ፤ ባቲ ላይ ሞልቷል።

አሠራሩ ሲታይ ልብ ይማርካል። ስለቱ በሁለቱም በኩል የተሳለና ጎበጥ ያለ ነው። እጀታው መሃሉ ላይ ቀጠን ብሎ ሁለቱ ጫፎቹ ሰፋ ይላሉ፤ ላብ ያለበት እጅ እንኳ አያመልጠውም። አንዳንዱ እጀታ በነሐስ ወይም በሌላ ብረት ያጌጣል። አፎቱ ቆዳ የለበሰ ነው። ከጫፉ ላይ የብረት ጉልላት ይኖረዋል።

ስትመርጡ የስለቱን መሃል ከላይ እስከ ታች በጣታችሁ ዳስሱ። ጥሩ ጊሌ ላይ መሃሉ ወፍሮ ወደ ሁለቱ ጠርዞች እኩል ይሳሳል፤ ጉብጠቱም ሳይሰበር በአንድ ወጥ ቅስት ይሄዳል። ለቱሪስት የተሠራው ከላሜራ ስለሚቆረጥ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ውፍረት ነው። አፎቱ ደግሞ አዲስ የቆዳ ቀለም ይሸታል። ይህኛው ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ክፋት የለውም፤ የመደበኛ ጊሌ ዋጋ ግን አትክፈሉበት።

ለጫካ ሥራ ይሆናል ወይ? አይሆንም። ሁለቱም ወገን የተሳለ ስለሆነ ጀርባውን በአውራ ጣት ገፍቶ መጥረብ አይቻልም፤ በዱላ እየመቱ እንጨት መፍለጥም አይታሰብም። ለጠረባ ካራ ያዙ።

“የመቅደላ ነው”፣ “የንጉሥ ሚካኤል ዘመን ነው” ሲሉኝስ?

ዋጋው ሊጨምር ነው ማለት ነው።

መቅደላ እዚሁ ወሎ ስለሆነች ታሪኩ በየአፉ አለ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. እዚያ ሞቱ። የእንግሊዝ ጦር የዘረፈው ዕቃም እንግሊዝ አገር ባሉ ሙዚየሞች ውስጥ ይገኛል። ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ ግን እስካሁን መቅደላ ላይ ነው። ያ ሁሉ እውነት ነው። አሁን እጃችሁ ላይ ያለው ካራ እዚያ ነበር የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያለ ማስረጃ ወሬ ነው። ቢላዋ ላይ የማይጻፍ ታሪክ በዋጋ ላይ ሲጻፍ ጠርጥሩ።

ዕድሜ በእርግጠኝነት ከሚታወቅባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ የውጅግራ ሳንጃ ነው። የፈረንሳዩ የግራ ጠመንጃ፣ በኛ አገር ውጅግራ የተባለው፣ ረጅምና ቀጭን ሳንጃ ነበረው። የስለቱ ቅርጽ ከጫፍ ሲታይ ቲ የምትባለውን የላቲን ፊደል ይመስላል፤ የእጀታው ጫፍ ነሐስ ነው። የሚያስደስተው ነገር ጀርባው ላይ በእጅ ጽሑፍ መልክ የተሠራበት ፋብሪካ፣ ወሩና ዓመቱ ተቀርጾበታል። ብዙ ጊዜ በዝገትና በሞረድ ተበልቶ ግማሹ ብቻ ይቀራል። በጎን በኩል የእጅ ባትሪ አብሩበትና ቀስ ብላችሁ አዟዙሩት፤ የጠፋ የመሰለው ፊደል በጥላው ብቅ ይላል። “1877” የሚል ካነበባችሁ በእጃችሁ ያለው ነገር ከዓድዋ በፊት የተሠራ ነው። አጥሮ ቢላዋ የሆነው መቼ እንደሆነ ግን ቁጥሩ አይነግራችሁም።

ከጎራዴዎቹ ላይም ጽሑፍ ይገኛል። ከአሮጌዎቹ ጎራዴዎች ብዙዎቹ ስለታቸው ጀርመን ዞሊንገን ተሠርቶ የመጣ ነው፤ የይሁዳ አንበሳና የግዕዝ ፊደል የተቀረጸባቸው አሉ። ፊደሉ የተጣመመ ከሆነ ፎርጅድ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። የቀረጸው ፈረንጅ አማርኛ ማንበብ ላይችል ይችላል።

የሐሰት እርጅና እንዴት ይታወቃል? የእውነት ያረጀ ቢላዋ እኩል አያረጅም። እጅ የሚይዘው ቦታ ይለሰልሳል፣ ስለቱ ብዙ ከተሳለበት ቦታ ይጎደጉዳል፣ ከእጀታው ሥር ጥቁር ይቋጠራል። ጨው ውሃ ውስጥ ተነክሮ “ያረጀ” ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቀይ ዝገት ነው።

አሮጌ ቢላዋ መግዛት፣ መሸጥና ከአገር ማውጣት በሕግ ችግር አለው?

አዲስ የቀጥቃጭ ሥራ ያው የእጅ ሥራ ዕቃ ነው። ቅርስ ከሆነ ግን ሌላ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። አንድ ዕቃ ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ሻጩ ወይም ገዥው አይደለም። ጥርጣሬ ካላችሁ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ፤ በወረዳም በዞንም የባህልና ቱሪዝም ቢሮ አለ።

በ2014ቱ ጦርነት ደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። ስለዚህ ወሎ ውስጥ የቆየ ጎራዴ፣ ጋሻ ወይም ያጌጠ ጩቤ “ከአንድ ሰው ነው ያገኘሁት” ተብሎ ሲቀርብላችሁ አትግዙ። ርካሽ ከሆነ ጭራሽ አትግዙ። የሙዚየም ቁጥር የተጻፈበት ወይም የተፋቀበት ምልክት ካያችሁ ለሚመለከተው አካል ተናገሩ።

ስለ ጉዞ፦ አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ ቢላዋ አይታሰብም፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ አስገቡ። በአውቶቡስ ስትሄዱ ከሻንጣ ሥር ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ኬላ ላይ ከተጠየቃችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ወገብ ላይ ታጥቆ ደሴ ፒያሳ መንሸራሸር ይቅርባችሁ።

የዝሆን ጥርስ ወይም የአውራሪስ ቀንድ እጀታስ?

አይነካም። የሁለቱም ንግድ የተከለከለ ነው። “ዝሆን ጥርስ” ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የበሬ አጥንት ነው፤ ስለዚህ ወይ ወንጀል ትገዛላችሁ ወይ ትሸወዳላችሁ።

ዋጋው ስንት ነው?

ቁጥር አልጽፍም፤ ብጽፍ በሚቀጥለው ሳምንት ውሸት ይሆናል። ለጀማሪ ምክሬ አዲስ የሚሠራ ካራ ግዙ ነው። ከአሮጌው ዋጋው ዝቅ ይላል፣ ፎርጅድ የለውም፣ ስትጠቀሙበት ደግሞ ስለ ብረት ትማራላችሁ።

ቀጥቃጭ ዘንድ ሄጄ ማዘዝ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ እንደውም ጥሩው የስብስብ ክፍል እሱ ነው።

ስትሄዱ አክብሩ። ባለ እጆች በኛ አገር ብዙ ተንቀዋል፤ ዛሬም ሹክሹክታው አልጠፋም። በሙያቸው መስደብን አፄ ምኒልክ በአዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። “ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?” ብላችሁ ግቡ። ቡና ጀባ ካሏችሁ ጠጡ። ፎቶ ከማንሳት በፊት ጠይቁ። ቀብድ ክፈሉ።

የምትፈልጉትን በቃል ብቻ አትንገሩ፤ ካርቶን ላይ በልኩ ቆርጣችሁ ውሰዱ። ለደጅ ሥራ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ስለት ይበቃል። ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን መልካም ነው። የከባድ መኪና ባሌስትራ ከዚህ በጣም ይወፍራል፤ ማሳሳቱ በመዶሻ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ድካሙን አስቡለት። ጀርባው ጠፍጣፋና ጠርዙ የሾለ ይሁን ብትሉት ከእሳት ማስነሻ ዘንግ ብልጭታ ለመፋቅ ያገለግላችኋል።

የማጠንከሩ ነገር ላይ ተግባቡ። ብዙ ቀጥቃጮች በውሃ ነው የሚነክሩት። ባሌስትራ በውሃ ሲነከር ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ዘይት ይሻለዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጭሱና ሽታው አይጣል ነው፤ የምግብ ዘይት ያዙለት። ብረቱ መቼ እንደበቃ ለማወቅ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይጠቅማል። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ከዚያ ትንሽ አልፎ መንከር ነው። የቆዩት ቀጥቃጮች ይህን በዓይናቸው ነው የሚያውቁት። ወናፉን የሚነፋውን ልጅ “በቃ!” የሚሉበትን ቅጽበት እዩ፤ ፍሙና ብረቱ አንድ ቀለም የሚሆኑበት ነው። ለዚህም ነው ብዙዎቹ ጥላ ውስጥ የሚሠሩት፤ ፀሐይ ላይ ቀለሙ ይዋሻል።

ከተነከረ በኋላ ብረቱ ጠንካራም ተሰባሪም ነው። ጥቁሩን በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ እንደገና በቀስታ ማሞቅ ያስፈልጋል። ከ200 ዲግሪ በላይ ሲሆን የገለባ ቀለም ይመጣል፤ እዚያ ላይ ይቁም። ወይን ጠጅ ከመጣ ለቢላዋ በዛ፤ ሰማያዊ ከሆነ ወደ ባሌስትራነቱ እየተመለሰ ነው።

ስለቱን በምን ልሳል?

በጥሩ መሳያ ድንጋይ። ከሌለ በሲኒ ቂጥ፤ ቀለም ያልተቀባው ሻካራ ቀለበት በእርግጥ ይስላል፤ ለትንሽ ማስተካከያ ይበቃል። ድንጋዩን በውሃ አርጥቡ፣ ማዕዘኑን አትቀያይሩ፣ ሁለቱንም ጎን እኩል አሂዱ። የሞራና የፑኮ ዓይነት ቢላዋ ላይ ከስለቱ መሃል የሚጀምረው ሰፊ ጠፍጣፋ ጎን ራሱ ድንጋዩ ላይ ይተኛል፤ ማዕዘን መገመት አያስፈልግም። የኛ ካራ ላይ ግን ጎኑ ሞላ ያለ ስለሆነ እጅ መልመድ አለበት።

በዓል ሲደርስ በየሰፈሩ የሚዞሩት ሳዮች ሥራቸው ፈጣን ነው። ለወጥ ቤት ቢላዋ አይከፋም። የስብስብ ቢላዋ ግን አትስጧቸው፤ የሚሽከረከረው ድንጋይ ያግለዋል፣ ብረቱንም ይበላዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የእርድ ካራ ያለበት ቤት የራሱ ሥርዓት አለው። በእስልምና ሥርዓት ካራው የተሳለ መሆን አለበት፤ በእንስሳው ፊትም አይሳልም። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ቢሆንም እርዱ ለየብቻ ነው፤ ካራውም እንደዚያው። ስለዚህ የሰው ቤት ካራ አንስታችሁ “እስቲ ልሞክረው” አትበሉ።

ዛገብኝ! ምን ላድርግ?

አብሽሩ። ቀይ ዝገት ከሆነ ዘይት ቀቡት፣ ይደርበት፣ በማግስቱ በቀጭን የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ቀስ እያላችሁ ጥረጉ። ጥቁሩን ወይም ግራጫውን አትንኩ። ያ ብረቱን ከቀይ ዝገት የሚከልል ሽፋን ነው፤ ገዥ የሚያውቅ ከሆነም ዋጋ የሚሰጠው ለሱ ነው። በግራይንደር አብረቅርቆ ያመጣልኝ ሰው ቢኖር ከልቤ አዝናለሁ።

ሎሚ፣ ሽንኩርትና አዋዜ ብረት ያጠቁራሉ። ቁርጥ የቆረጠ ቢላዋ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ጥላም ከዚያው ነው፤ ከግራይንደር ሰማያዊ ጋር አታምታቱት፤ ይህኛው ደመና መሰል ነው፣ ያኛው መስመር ነው። እጠቡ፣ አድርቁ፣ አለቀ።

ክረምቱን እንዴት ላስቀምጠው?

ከአፎቱ አውጥታችሁ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ የተለፋበት ጨውና ቅርፊት ደግሞ ብረት ይበላል። የደሴ ሐምሌና ነሐሴ ጉም ይህን በአንድ ክረምት ያሳያችኋል። ስለቱን ቫዝሊን ወይም የስፌት መኪና ዘይት በስሱ ቀቡት። የኑግ ዘይት አይሆንም፤ ሲቆይ ይጣበቃል። ለእንጨቱ እጀታ የተልባ ዘይት ጥሩ ነው፤ የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ አትጣሉ፣ ዘርግታችሁ አድርቁት። የተልባ ዘይት ያለበት የተጨማደደ ጨርቅ በራሱ እሳት ሊያነሳ ይችላል። አፎቱን ሞራ የሚቀቡ አሉ። አይጥ ደስ ይላታል።

ሴት ልጅ ቢላዋ ብትሰበስብ ነውር ነው?

ቢላዋ ቀኑን ሙሉ ከእጁ የማይለየው ማን ሆነና?

ምን መዝግቤ ልያዝ?

ከማን እንደገዛችሁ፣ የት ገበያ፣ መቼ፣ ሠሪው ማን እንደሆነ፣ ብረቱና እንጨቱ። ርዝመቱንና የጀርባውን ውፍረት ለኩ። ቢላዋውን ወረቀት ላይ አስተኝታችሁ ዙሪያውን በእርሳስ አውጡት፤ ከፎቶ ይልቅ ቅርጹን ይህ ይይዘዋል፤ ወደፊት ሲሳል ምን ያህል እንደተበላም ያሳያችኋል። ሠሪው ስሙ እንዲጻፍ ካልፈለገ አትጻፉ።

የተሰበረ ቢላዋ ምን ዋጋ አለው?

ለኔ ብዙ። ስብራቱን በፀሐይ ብርሃን እዩት። ግራጫና ልስልስ ያለ፣ እንደ ጤፍ ዱቄት የደቀቀ ከሆነ ሠሪው ሙቀቱን አውቆ ነው የሠራው፤ የሰበረው ሌላ ምክንያት ነው። እንደ ስኳር የሚያብለጨልጭ ጎላ ጎላ ያለ ፍሬ ካያችሁ ብረቱ እሳት ላይ ከልክ በላይ ግሏል። ጥግ ላይ አሮጌ ጥቁር ስንጥቅ ካለ ደግሞ ሲነከር ነው የተሰነጠቀው፤ ሳይታይ ቆይቶ አሁን ጨርሶ ለየ። እኔ ከእንዲህ ዓይነቱ ስብራት ጥቂት አስቀምጫለሁ፤ አዲስ ጀማሪ ሲመጣ ከሙሉው ቢላዋ በፊት የማሳየው እነሱን ነው።

የቀረውን ብረት ለቀጥቃጩ መልሱለት። ከጫፉ ወስፌ ይወጣዋል፤ ሰፌድና ሞሰብ የሚሰፉ ሴቶች ደግሞ የባሌስትራ ወስፌ ከተገኘ ሌላውን አይፈልጉም።